አጥር ውስጥ የሚያረጅ ጦር

ተራ የማይጠበቅባቸው የስትራቴጂ ጌሞች አጀማመራቸው አንድ ነው። ጥቂት ሠራተኞች፣ አንድ ማዕከል፣ በጭጋግ የተሸፈነ ካርታ፣ ከጭጋጉ ማዶ ደግሞ እኩል ሀብት ይዞ የሚነሣ ተቃዋሚ። ሠራተኞቹ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ወርቅ ይቆፍራሉ፣ እህል ያመጣሉ፤ በተገኘው ሀብት ሌላ ሠራተኛ ወይም ወታደር ይወጣል። ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ አንዱ ሲያስብ ሌላው ቆሞ አይጠብቀውም። ስታርክራፍትም ሆነ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ፤ በሁለቱም በተለመደው ውድድር የሠራተኛውና የጦሩ ጣሪያ 200 ነው። መካከለኛ ችሎታ ያለው ተጫዋች ዓይኑን የሚተክለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። አጥሩን ያጥራል፣ በሩን ይዘጋል፣ ማሻሻያውን ሁሉ ይገዛል፣ ጦሩን ሞልቶ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ሊወጣ ያስባል። ብዙ ጊዜ ያ ቀን አይደርስም። ቢደርስም በስንት ደቂቃ የተጠራቀመው ጦር ባንድ ውጊያ ያልቅና ተጫዋቹ “ጦሬ አነሰ” ይላል። በእኔ እምነት ጦሩ አላነሰም፤ ሥራ ፈትቶ ነው የቆየው። እንዲህ ያለ ተጫዋች መሻሻል ከፈለገ ቀደም ብሎ ማጥቃት፣ በትንሽ ኃይል ማጥቃት፣ ደጋግሞም ማጥቃት አለበት።

የመጠበቁ ዝንባሌ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት አይከብድም። የአጥቂ ስሕተት ይታያል። አምስት ፈረሰኛ ልኮ አምስቱም ከሞቱ ኪሳራው ዓይኑ ሥር ወድቋል። ቁጭ ያለ ሰው ስሕተት ግን አይታይም፤ ተቃዋሚው ባልተነካባቸው አሥር ደቂቃዎች ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕከል መክፈቱን፣ ሠራተኛውን እጥፍ ማድረጉን ጭጋጉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ መጠበቅ ምንም የማያስከፍል ይመስላል። ዕዳው የሚመጣው በመጨረሻው ውጊያ ስለሆነም ተሸናፊው ጥፋቱን እዚያው ውጊያ ላይ ይፈልጋል፤ አሰላለፌ ተበላሸ፣ ማሻሻያ ቀረኝ ይላል። ዝንባሌው አንዳንዴ ውል እስከ መግባት ይደርሳል። በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 አዲሱ እትም ውስጥ ተጫዋቾች ለተወሰኑ ደቂቃዎች እንዳይነካኩ የሚያስገድድ የስምምነት አማራጭ አለ፤ በሌሎች ጌሞችም “እስከዚህ ደቂቃ ድረስ መወረር የለም” መባባል የቆየ ልማድ ነው። ለመዝናናት ከሆነ ማን ይከፋዋል። ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ግን በዚህ መንገድ የሚለማመደው የጨዋታውን ግማሽ ነው፤ ያውም ቀላሉን ግማሽ።

ማጥቃት የሚጠቅመው ስለሚገድል ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። መግደሉ ትንሹ ጥቅሙ ነው። በእነዚህ ጌሞች ከወርቅም ከእህልም ይበልጥ የሚያጥረው ሀብት የተጫዋቹ ቀልብ ነው። ስክሪኑ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የካርታውን ቁራጭ ብቻ ነው፤ በደቂቃ 300 ትዕዛዝ የሚሰጥ ባለሙያ እንኳ ሁለት ቦታ ላይ እኩል መገኘት አይችልም። ሒሳቡን በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 እንየው። አንድ ሠራተኛ 50 ምግብ ይፈጃል፤ ከማዕከሉ እስኪወጣም 25 ሰከንድ ይወስዳል። አንድ ፈረሰኛ ቃፊር 80 ምግብ ነው። ሦስት ቃፊሮች በ240 ምግብ አውጥቶ በተቃዋሚው እንጨት ቆራጮች ላይ የለቀቀ ተጫዋች ሦስት ሠራተኞች ቢገድል ያጠፋው የ150 ምግብ ንብረት ነውና ከስሯል ያሰኛል። ግን እነዚያን ሦስት ሠራተኞች ለመተካት ማዕከሉ 75 ሰከንድ መሥራት አለበት፤ ያለፈ ሰከንድ ደግሞ በምንም ሀብት አይመለስም። ቃፊሮቹ አንድም ሳይገድሉ ቢቀሩስ? አሥር ሠራተኞች ፈርተው ማዕከሉ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ቢሸሸጉ የ300 ሰከንድ ሥራ ባከነ። አንድ ሠራተኛ በሰከንድ የአንድ አሃድ ሲሶ ገደማ ስለሚያመጣ ይህ ወደ 100 የሚጠጋ ሀብት ነው። እስካሁን ያልነው የሚቆጠረውን ነው። ተጠቂው ሠራተኞቹን ሲያስገባና ሲያስወጣ አዲስ ሠራተኛ ማዘዙን ይረሳል፣ ቤት መሥራቱን ይረሳል፣ ወርቅ የሚቆፍሩትን ሰዎች እንጨት ላይ ትቷቸው ይቀራል። የአጥቂውም ቀልብ መከፈሉ አይካድም። ልዩነቱ መቼና የት እንደሚመታ የሚያውቀው እሱ መሆኑ ላይ ነው፤ ቃፊሮቹን ከቀስት ርቀት አውጥቶ ለአምስት ሰከንድ ቤቱን ማየት ይችላል። ተከላካዩ ግን እነዚያ አምስት ሰከንዶች መቼ እንደሚሰጡት አያውቅም።

ይህ የሰው ድካም እንጂ የጨዋታው ባሕርይ አይደለም የሚል ካለ በጃንዋሪ 2019 እ.ኤ.አ. የሆነውን ያስታውስ። ዲፕማይንድ የሠራው አልፋስታር የተባለ ፕሮግራም ስታርክራፍት 2ን ከሁለት ባለሙያዎች ጋር ተጫውቶ ሁለቱንም 5 ለ 0 አሸንፎ ነበር። ውጤቱ ይፋ በሆነበት ቀን ግን ከሁለቱ አንዱ፣ ማና በሚል ስም የሚታወቀው ፖላንዳዊ፣ ካርታውን እንደ ሰው በካሜራ ቁራጭ እያየ እንዲጫወት ከተዘጋጀ ሌላ የፕሮግራሙ ቅጂ ጋር በቀጥታ ስርጭት ገጠመ። ማና ዋርፕ ፕሪዝም በምትባል በራሪ ማጓጓዣ ኢሞርታል የተባሉ ሁለት ተዋጊዎች ጭኖ ወደ ማሽኑ ሰፈር ጠርዝ ላከ። የማሽኑ ጦር በዚያ ሰዓት ከቤቱ ወጥቶ ለማጥቃት እየገሰገሰ ነበር። ማጓጓዣዋ ጭነቷን ስታራግፍ ጦሩ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሊደርስባት ሲል ኢሞርታሎቹን አፍሳ ተነሣች። ጦሩ እንደገና ወደፊት ሲል እንደገና ብቅ አለች፤ ጦሩም እንደገና ዞረ። ሁለት ተዋጊዎችን ለመመለስ ጥቂት ወታደሮች ማስቀረት ወይም ማጓጓዣዋን የሚመታ አንድ በራሪ ማውጣት በቂ ነበር፤ ማሽኑ ግን ሙሉ ጦሩን ሲያመላልስ ማና እቤቱ ተረጋግቶ የጦሩን ቁጥር ሞላ። ሲወጣም አሸነፈ። ማሽኑ ደካማ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የኋለኛው ቅጂው በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ካሉት ተጫዋቾች 99.8 በመቶውን በልጧል። የማይደክም ማሽን እንኳ ሌላው በመረጠለት ቦታ ሲጫወት እንደዚያ ተንገላታ።

ማጥቃት ሌላም ሥራ አለው፤ ስስትን ያስከፍላል። በእነዚህ ጌሞች ሦስት ጠባዮች እየተሻሻሩ ይኖራሉ። ጦር ሳያወጣ ኢኮኖሚውን የሚያሰፋ ስስታም፣ አጥብቆ የሚጠብቀውን ተከላካይ በሀብት ይበልጠዋል፤ ተከላካዩ በጥድፊያ የመጣውን አጥቂ ይመልሳል፤ አጥቂው ደግሞ ስስታሙን ይቀጣል። ከሦስቱ አጥቂው ቢጠፋ ስስታሙን የሚነካው አይኖርም፤ ማንም ጦር ሳያወጣ ሀብት ብቻ ማካበት የሁሉም መንገድ ይሆናል። የኮሪያ ስታርክራፍት ታሪክ ለዚህ የማይረሳ ምሳሌ አለው። በኖቬምበር 2004 እ.ኤ.አ. በኤቨር ስታርሊግ ግማሽ ፍጻሜ፣ አድናቂዎቹ ንጉሠ ነገሥት ይሉት የነበረው ቦክሰር፣ በእውነተኛ ስሙ ሊም ዮ ህዋን፣ ከየሎው፣ ከሆንግ ጂን ሆ ጋር ተገናኘ። የቆዩ ባላንጣዎች ስለነበሩ አገሩ ሁሉ ረጅም ምሽት ጠብቆ ነበር። ሆንግ ሁለተኛ ሰፈሩን ቀድሞ ሲከፍት ሊም ሠራተኞችና ጥቂት ወታደሮች ይዞ ሄደ፤ እዚያው አዲሱ ሰፈር አፍ ላይ ምሽግ ሠርቶ ወታደሮቹን አስገባ። ጨዋታው በደቂቃዎች አለቀ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረገ። ሦስተኛውንም። 3 ለ 0፤ ተመልካቹ ገና ሳይደላደል።

ከዚያ ምሽት በኋላ ሊም ብዙ ተነቅፏል። ነቀፋው እስከ ዛሬ በየጌሙ የሚሰማው ነው፦ ይህ ጨዋታ ሳይሆን ማጭበርበር ነው፣ ጀግና ፊት ለፊት ይገጥማል። እንዲህ ዓይነቱ ስሜት ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በጻፉት ጥናት እንደምናነበው፣ በቀድሞው ሰንጠረዥ ማሸነፉ ብቻ ሳይሆን በምን አሸነፈ የሚለውም ይታይ ነበር፤ በፈረስ ወይም ባለ ብዙ ጉልበት በሆነው ጠጠር ማት ማድረግ ያን ያህል አያስመሰግንም፣ በእግረኛ ያደረገ ግን ይወደሳል። ውበት ለጨዋታ ክብር ነውና ይህን አላጣጥልም። ሆኖም ያው ሰንጠረዥ ሌላ ነገርም ያስተምራል። መክፈቻው ወረራ ይባላል፤ በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን እንደፈለጉ ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የሚያበቃው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ይሆናል። የስትራቴጂ ጌም ከመፈጠሩ በፊት አባቶቻችን እኩል እየተንቀሳቀሱ ይጫወቱ ነበር ማለት ነው። ዋናው ነጥብ ግን የዝግጅቱ ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ በሰዓት አለመወሰኑ ነው። አንዱ ወገን በቃኝ ባለ ጊዜ ያበቃል፤ ሌላው “አልጨረስኩም” ብሎ አቤት የሚልበት ዳኛ የለም። ሆንግ በሦስተኛው ጨዋታ ላይ የመጀመሪያውን ስሕተት ሲደግም የተጭበረበረ ሰው አልነበረም። ሊመጣ የሚችለውን በሚገባ ያውቅ ነበር፤ አይመጣም ብሎ ተወራረደ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ነው። ማስረጃውም ከዚያው ውድድር ይገኛል። ሊም ሆንግን በዚያ ፍጥነት ጥሎ ለፍጻሜ ሲደርስ የጠበቀው የገዛ ደቀ መዝሙሩ ቾይ ዮን ሶንግ ነበር፤ ቾይ ደግሞ የሚታወቀው ኢኮኖሚውን አስፍቶ በጦር ብዛት በማጥለቅለቅ ነው። አሸናፊው ቾይ ሆነ፣ 3 ለ 2። ይህን የያዘ ሰው “በመጨረሻ ያሸነፈው የታገሠው ነው” ቢል መብቱ ነው። እኔ ግን ከዚህ የማየው የማጥቃትን ሽንፈት ሳይሆን ሁሉን በአንድ ጊዜ አስይዞ የማጥቃትን ወሰን ነው። ሠራተኞቹን ሁሉ ጭኖ የሚዘምት ተጫዋች ካልቀናው የሚመለስበት ቤት የለውም፤ ተቃዋሚው አንዴ ካወቀበትም ዘዴው ያረጃል። ይህ ቁማር ነው፤ አልፎ አልፎ ያዋጣል፣ የጨዋታ መንገድ ግን አይሆንም። መንገድ የሚሆነውን ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በማርች 3 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ሌላ ወጣት አሳየ። ቢሱ የተባለው ኪም ቴክ ዮንግ፣ በዚያ ወቅት የማይደፈር ይባል ከነበረው ከሳቪየር ጋር ኤምኤስኤል ለተባለው ውድድር ፍጻሜ ሲቀርብ ያሸንፋል ያለ ጥቂት ነበር። ኪም ቀድሞ ሁለተኛ ሰፈሩን ከፈተ፤ ስስታም ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ኢኮኖሚው እየሠራ ሳለ ኮርሴር የተባሉ በራሪዎቹን ልኮ የሳቪየርን ኦቨርሎርዶች ማደን ያዘ። ኦቨርሎርድ ሳቪየር ለሚጫወትበት ለዘርግ ወገን የሕዝቡን ጣሪያ የሚያሰፋ ነው፤ የተሰወረውን የሚያይ ዓይኑም እሱ ነው። ዓይኑ ሲታወር በዓይን የማይታዩት የኪም ተዋጊዎች፣ ዳርክ ቴምፕላሮች፣ ገብተው ሠራተኛውን ፈጁት። ኪም 3 ለ 0 አሸነፈ፤ የሁለቱ ወገኖች አጨዋወት ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሁለት ወይም አራት ተዋጊ ይወጣል፣ ቤት ግን ሥራ አይቆምም። ማጥቃት ስል ይህን ማለቴ ነው።

የጌሞቹ ሠሪዎችም ወደዚሁ ያዘነበሉ ይመስላሉ። ስታርክራፍት 2 በ2010 ሲወጣ ተጫዋቹ የሚጀምረው በስድስት ሠራተኞች ነበር፤ ሌጋሲ ኦፍ ዘ ቮይድ የተባለው ተከታይ ክፍል በ2015 ሲወጣ 12 አደረጉት። በአንድ ሰፈር ያለው ማዕድንም ቶሎ እንዲያልቅ ቀነሱት። ጸጥታው አጠረ፤ አንድ ሰፈር ይዞ መክረምም ከበደ።

ለእኛ ቀረብ ያለው ምሳሌ ግን በዚያው ዓመት የመጣው ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 አፍሪካን ኪንግደምስ በተባለው ማስፋፊያው ኢትዮጵያውያንን ከማሊዎች፣ ከበርበሮችና ከፖርቹጋሎች ጋር አስገባ፤ የዮዲትን ታሪክ የሚከተል ዘመቻም ጨመረበት። ዘመቻው ከታሪክ ጋር ያለው ዝምድና ሌላ ጽሑፍ የሚሻ ነውና ልተወው። የኢትዮጵያውያኑ አሠራር ግን ለዚህ ክርክር የተዘጋጀ ያህል ነው። ቀስተኞቻቸው ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይወነጭፋሉ፤ ከአንድ ዘመን ወደ ቀጣዩ በተሸጋገሩ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ይሰጣቸዋል። አንድ ቀስተኛ 25 እንጨትና 45 ወርቅ ስለሆነ ሁለተኛው ዘመን ላይ የምትገኘው 100 ወርቅ ያለ ምንም ቁፋሮ የሁለት ቀስተኞችን ወርቅ ትሸፍናለች። በዚያ ሰዓት ሁለት ቀስተኞች ብዙ ናቸው፤ የተቃዋሚውን እንጨት ቆራጮች ከጫካ ያስወጣሉ። ያችው 100 ወርቅ በመጨረሻው ዘመን፣ ሺህ ሲገባና ሲወጣ፣ አትታይም። ልዩ ተዋጊያቸው ባለ ሾተሉም ከቤተ መንግሥት በ8 ሰከንድ የሚወጣ፣ ኃይለኛ ምት ያለው፣ ግን ጋሻው ስስ የሆነ ነው፤ ቆሞ ቀስት እንዲጠጣ ሳይሆን ገብቶ እንዲያፈርስ የተሠራ። ኢትዮጵያውያንን መርጦ አጥር ውስጥ የሚቀመጥ ተጫዋች የተሰጠውን ጥቅም አንድ በአንድ ይጥላል። የሚያስገርመው በአገር ስም ብለው የሚመርጧቸው ብዙዎች እንዲህ መጫወታቸው ነው።

ጀማሪው መጀመሪያ ኢኮኖሚውን ማስተዳደር ይማር፣ ማጥቃቱ ይደርሳል የሚል ምክርም አለ፤ ብዙ ጥሩ አሠልጣኞች ይሰጡታል፣ ከፊሉ እውነት ነው። ሠራተኛ ማውጣቱን የሚረሳ ሰው አምስት ፈረሰኛ ይዞ ቢዘምት ሁለቱንም ያበላሻል። ተከላካዩም የቦታ ጥቅም አለው፤ ማዕከሉ ራሱ ቀስት ይወረውራል፣ ደራሽ ጦሩ ቅርብ ነው፣ የአጥቂው ግን ካርታውን ማቋረጥ አለበት። እዚህ ላይ አልከራከርም። የምከራከረው “መጀመሪያ” እና “ቀጥሎ” በሚለው ቅደም ተከተል ነው። በሰላም የተለማመዱት ኢኮኖሚ ሰላም ሲደፈርስ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ክህሎቱ ሠራተኛ ማዘዝ ብቻ አይደለም፣ ዓይን ሌላ ቦታ እያለ ሠራተኛ ማዘዝ ነው። ይህን ደግሞ ጦር ውጭ ሳይኖር መለማመድ አይቻልም። ሁለት ቃፊሮች ልኮ፣ ባይገድሉም ሳያስገድል እየመለሰ፣ እቤት ማዕከሉ ሳያርፍ እንዲሠራ ማድረግ ከማንኛውም የብቻ ልምምድ ይሻላል። ቃፊሮቹ ቢሞቱ 160 ምግብ ነው። በዚያ ዋጋ ተቃዋሚው ስንት ማዕከል እንዳለው፣ ወደ ፈረሰኛ ወይስ ወደ ቀስተኛ እያዘነበለ እንደሆነ ይታወቃል፤ አጥር ውስጥ የተቀመጠው ግን ይህን የሚያውቀው ጦሩ በሩ ላይ ሲቆም ነው።

አንድ ነገር በመሐል ይነሣ። ጦርነት በሰለቸው አገር ጋዜጣ ላይ “አጥቁ” ብሎ መጻፍ ጆሮ ይቆረቁራል፤ ይገባኛል። የምናወራው ግን የሞተው ሠራተኛ በ50 ምግብ ስለሚተካበት፣ ጨዋታው ሲያልቅም ሁለቱ ወገኖች “ጥሩ ጨዋታ” ተባብለው ስለሚለያዩበት ስክሪን ነው። ይህን ከእውነተኛው ጋር የሚያምታታ ሰው ካለ ችግሩ ከጌሙ አይደለም።

ለመሻሻል ለሚፈልግ ተጫዋች የሚቀረው ጥያቄ ማጥቃቱ መሥራቱን በምን ያውቃል የሚለው ነው። ብዙው የሚቆጥረው የገደለውን ነው፤ ሦስት ፈረሰኞች ልኮ አንድ ሠራተኛ ከገደለ ከሰርኩ ብሎ በሚቀጥለው ጨዋታ ወደ አጥሩ ይመለሳል። ሁለቱም ጌሞች የጨዋታውን ቅጂ ያስቀምጣሉ፤ ቅጂውን ከፍቶ ከተቃዋሚው ወገን ማየት ይቻላል። ፈረሰኞቹ ከደረሱበት ደቂቃ ጀምሮ የተቃዋሚው ማዕከል ስንት ሰከንድ ባዶውን እንደቆመ፣ ስንት ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ እንደዋለ፣ ሁለተኛው ማዕከል ከታሰበበት ምን ያህል እንደዘገየ ሁሉም እዚያ ይገኛል። ፈረሰኞቹ ሞተው ማዕከሉ አንድ ደቂቃ ከቆመ ማጥቃቱ ተሳክቷል። የሞተ ሠራተኛ እያለ ማዕከሉ ሳያርፍ ሲሠራ ከቆየ ደግሞ ተቃዋሚው ጎበዝ ነው፤ በሚቀጥለው ከሌላ አቅጣጫ፣ ወርቁ ዘንድ፣ ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ መሞከር ነው።